አንዴ ነው የተጫንኩት

የባሌን እህት አልወዳትም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ከታች ያለው ሁሉ ከፍቅር የመጣ እንዳይመስል ነው። ፊት ለፊት "እትዬ" እላታለሁ፤ "እርስዎ" እያልኩ አናግራታለሁ፤ ስትገባ ከመቀመጫዬ እነሳላታለሁ። እናቴ ያስተማረችኝን አልረሳሁም። ወረቀት ላይ ግን ማንም ለማንም አይነሳም፤ ስለዚህ እዚህ "እሷ" ናት።

ነገሩ የጀመረው በረዶው ሊያልቅ ሲል ወጥ ቤቷ ውስጥ ስትወድቅ ነው። ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ እዚህ ካናዳ፣ ሪጀንት ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ ከአዲሶቹ ሕንጻዎች በአንዱ። የድሮዎቹ ሳይፈርሱ ጀምሮ የሰፈሩ ሰው ናት። ሲያፈርሱ አስወጧት፤ ሠርተው ሲጨርሱ መለሷት። "እኔ ሕንጻ አስረጅቼ ያስቀበርኩ ሴት ነኝ" ትላለች። አንድ ልጅ አላት፤ ካልጋሪ ነው የሚኖረው። እናቱ ብትወድቅ ሰው የምትጠራበት ነገር ገዝቶላት ነበር፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ሲጫኑት ጠረጴዛ ላይ ያለ ሳጥን የሚያናግር። አንገቷ ላይ ማድረጉን እምቢ አለች።

"አንገቴ ላይ ማተቤ አለ። ከሱ ጎን የሚንጠለጠል ነገር የለም" ብላ ወጥ ቤት ምስማር ላይ ሰቀለችው፣ ከወንፊቱ አጠገብ።

ደግነቱ የወደቀችው ከምስማሩ ሥር ነው። በከዘራዋ አውርዳ ተጫነችው። ከሳጥኑ ውስጥ አንዲት ጨዋ ልጅ በእንግሊዝኛ ደህና መሆኗን ጠየቀቻት። የባሌ እህት ወለል ላይ ተጋድማ፣ ዳሌዋ እየነደደ፣ ምን ብላ መለሰች?

"ፋይን፣ ታንክ ዩ። አንቺስ?"

ልጅቷም ደህና መሆኗን ተናግራ ዘጋች።

በዚህ የሚስቅባት ብዙ ሰው አለ፤ እኔ ግን አልስቅባትም። እኛ "እግዚአብሔር ይመስገን" የማይባልበትን ሁኔታ አልተማርንም። ሐኪም ቤት የተኛን ሰው "እንዴት ነህ?" ብትለው "ደህና ነኝ" ነው የሚልህ። ጠያቂው ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ ያወራል፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ "እውነት ግን፣ እንዴት ነህ?" ይላል። መልሱ ያኔ ነው የሚመጣው። ሳጥን ውስጥ ያለችው ልጅ ሁለተኛውን ጥያቄ ማን አስተምሯት ታውቀዋለች?

በመጨረሻ ግድግዳውን በከዘራ ስትደበድብ ጎረቤቷ ሰምታ ደረሰችላት። አጥንቷ አልተሰበረም። ልጇ ግን በማግሥቱ በአውሮፕላን መጣና ሶፋዋ ላይ ተቀምጦ ስካርቦሮ ስላለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ያወራ ጀመር።

"ጥሩ ቦታ ነው እማዬ። አበሻም አለበት አሉ።"

"አበሻ ካለበትማ ጭራሽ አልሄድም" አለች። "የማን እናት ምን በላች ሲባል ልዋል?"

እየቀለደች ነበር፤ እጇ ግን ከዘራውን ጨምድዶ ይዟል። ያ ቤት በቁልፍ የምትዘጋው የመጨረሻ ቤቷ መሆኑን ታውቃለች። በብዙ ልመና ልጇ እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጣት። እስከዚያ ሁላችንም የምናምነው መጥሪያ ካልተገኘላት እቃዋ ይታሰራል።

መጥሪያውን እሠራለሁ ያለችው የልጄ ልጅ ናት። ዘንድሮ ሃይስኩል የገባች፣ ሽቦና ኮምፒዩተር የምትወድ ልጅ ናት፤ ከማን እንደወረሰችው አልናገርም። ለሁሉም ሰው "አንቺ" ወይም "አንተ" ነው የምትለው፣ ለቄሱም ጭምር።

"እትዬ ስታወራ ሁሌ አይም ፋይን ነው የምትለው" አለችኝ። "ሶ፣ ወሬ የለም። ፑሽ ብቻ። አንድ ፑሽ፣ ነቅቻለሁ፣ ደህና ነኝ። ሁለት ፑሽ፣ ኑ።"

ሐሳቡን ወደድኩት። ፑሹን ጣት የምታህል ኮምፒዩተር ትቆጥራለች፤ መልእክቱ በቤቱ ዋይፋይ አድርጎ የእኔና የልጅቱ፣ እንዲሁም የካልጋሪው ልጅ ስልክ ላይ ይደርሳል። ስዊቹን ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ጉልበት በሚያህል ከፍታ ገጠምነው፤ ቆማ ከሆነ በከዘራዋ ጫፍ፣ ወድቃ ከሆነ በእጇ እንድትጫነው። በከዘራ እንዳይስቱት ትልቅ ቀይ ስዊች ታዘዘ፣ የሻይ ሲኒ ማስቀመጫ የሚያህል።

እግረ መንገዴን ቂሜን ልናገር፤ ሰው ሳያውቅ አይፍረድ። ባሌ የሞተ ጊዜ ልጄ ገና ትንሽ ነበረች። የምንኖረው ስካርቦሮ፣ ማሞቂያው ሲፈልግ የሚሠራ፣ ሲያሻው የሚተኛ ምድር ቤት ነበር። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ የባሌ እህት ደወለችልኝ።

"ልጅሽን ይዘሽ እኔ ጋ ነይና ክረሙ" አለች።

እኔም እንደ ወጉ፣ "አይ እትዬ፣ እናስቸግርዎታለን" አልኩ።

"ኦኬ" አለች።

ኦኬ! አንድ አገር፣ አንድ ወግ ነው ያሳደገን። "አይ" ማለት በሩን ገርበብ አድርጎ መተው መሆኑን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። "በሞቴ" የሚባል ነገር አለ። "እኔ ልሙት" የሚባል አለ። "ምን ያለችው ናት!" ብሎ ተቆጥቶ ሻንጣ ማንሳት አለ። ከዚያ ሁሉ አንዱንም አላለችም። ካናዳ ቀድማኝ ገብታለችና እዚህ "አይ" ማለት "አይ" መሆኑን ተምራለች፤ ስልኩን ዘጋች። ያን ክረምት እኔና ልጄ ካፖርት ለብሰን ተኛን።

ሌላም አለ። ዛሬ ሽቦ የምትወደው የልጅ ልጄ ክርስትና ስትነሳ፣ እንግዳ በተሞላ አዳራሽ የባሌ እህት ስለ እኔ "እሷ እንኳ ፋብሪካ ነው የምትሠራው" አለች፣ ድግሱን ማን እንደሠራው ስትጠየቅ። ምን ለማለት እንደፈለገች እስካሁን አልገባኝም። ግን አልረሳሁትም።

አዎ፣ ፋብሪካ ነበር የምሠራው። የአሳንሰር መጥሪያ የሚሠራበት ቦታ፣ መፈተሻው ጠረጴዛ ላይ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ ስዊች መጫን ነበር። ስዊቹን እጫነዋለሁ፣ ማሽኑ ምን እንደሰማ አያለሁ፣ ያልተስማሙትን ወደ ጎን አደርጋለሁ። እንዲያውም በማታው ክፍለ ጊዜ ኮሌጅ ገብቼ ተምሬበታለሁ። አስተማሪያችን ጀርባውን ሰጥቶን ለሰሌዳው ያስተምር ነበር። ሰሌዳው ገብቶት ይሆናል፤ እኔ የተረዳሁት ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

መጥሪያው በተገጠመ በመጀመሪያው ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ሁለት ፑሽ። ኑ።

ፀጉሬን እንኳ አላሰርኩም። አውቶቡስ ያዝኩ፤ ከዚያ ሳብዌይ። ባቡሩ ከዳንፎርዝ ጎዳና ሥር እየሄደ እኔ እጸልያለሁ፤ ለማልወዳት ሴት እንዴት እንደሚጸለይ ያን ቀን ተማርኩ። ብሮድቪው ጣቢያ ወጥቼ ስትሪትካሩ፣ ያ መንገድ ላይ በሐዲድ የሚሄደው፣ አልመጣ ሲለኝ ግማሹን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። በሩን በያዝኩት ቁልፍ ከፍቼ ስገባ የባሌ እህት ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ቂጣ በተልባ ትበላለች። ዓቢይ ጾም ነበር።

"ምነው? ሰው ሞተ?" አለችኝ።

"እርስዎ ነዎት ያስመጡኝ እትዬ። ሁለቴ ተጭነው።"

"እኔ? አንዴ ነው የተጫንኩት።"

"ስልኬ ሁለት ነው የሚለው።"

"እንግዲያው ከስልክሽ ጋ ተጨቃጨቂ። ፀጉርሽ ደግሞ ምን ሆኗል?"

በማግሥቱ ደህና ዋለ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ጮኸ። እንደገና ሮጥኩ፣ እንደገና ቂጣ። "አንዴ ነው የተጫንኩት" አለች፤ አሁን ግን ቂጣዋን አስቀምጣ። ድምጿ ውስጥ የማላውቀው ነገር ነበር። ፍርሃት መሰለኝ።

ማታውን ልጇ ከካልጋሪ ደወለልኝ።

"አክስቴ፣ እማዬ መርሳት ጀምራለች መሰለኝ" አለኝ። "ሁለቴ ትጫናለች፣ ከዚያ አንዴ ነው ብላ ትከራከራለች። እንዲህ ከሆነች ብቻዋን እንዴት ትኖራለች? ለማስታወስ ችሎታዋ ምርመራ ቀጠሮ ይዤላታለሁ። እዛ ቤት ደግሞ ፋሲካን መጠበቅም የለብንም፣ ቦታ አለ ብለውኛል።"

"እሷን ጠየቅካት?"

"እሷማ አንዴ ነው የተጫንኩት ትላለች።"

ስልኩን ዘጋሁት። ስለ ባሌ እህት ብዙ ማለት እችላለሁ፤ ብያለሁም። ኩሩ ናት። ምላሷ ሹል ነው። ግን አትረሳም፤ በሠርጌ ቀን የለበስኩት ቀሚስ ጫፉ የተተረተረ እንደነበር ዛሬም ታነሳብኛለች። ደግሞም አትዋሽም። ክርስትናው ላይም ያለችው እውነት ነው፣ ፋብሪካ ነበር የምሠራው። አንዴ ነው የተጫንኩት ካለች አንዴ ነው የተጫነችው። ይህን የሚመሰክርላት ሰው ቢኖር ለእሱ በተውኩት ነበር። ስዊች ምን ያህል ቀጣፊ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን ቤተሰባችን ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የልጅ ልጄ ቤቴ መጥታ ላፕቶፗን ምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች። ቀዩን ስዊች ነቅለን አምጥተነው ነበር፤ እትዬን ለዚያ ቀን ጎረቤቷ ጋ አስቀምጠናታል።

"እማማ፣ ኮዱ ራይት ነው። ቼክ አድርጌዋለሁ። ቤት ሠርቷል" አለች ልጅቱ። ልታለቅስ ደርሳለች።

"ቤት የሞከርሽው በየትኛው ስዊች ነው?"

"በትንሿ። ከዛ ትልቁን ኦርደር አደረግን፣ ለከዘራው።"

"እሱ ነዋ።"

ከማጀት አንድ ደረቅ ሽምብራ አመጣሁና ከፍ አድርጌ ባዶ ሳህን ላይ ጣልኩት። ጧ አለ፤ ነጠረና እንደገና ጧ፤ ከዚያ እየፈጠነ፣ ድምፁ እያነሰ፣ ተንቀጥቅጦ ተቀመጠ።

"ስንት ሽምብራ ጣልኩ?"

"አንድ።"

"ስንት ጊዜ ሰማሽ?"

"ብዙ።"

"ሳህኑ ቆጣሪ ቢሆን ኖሮ ስንት ሽምብራ መጣ ይል ነበር?"

አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ቀዩን ስዊች አነሳችና እንደታመመ ድመት ገለበጠችው። "ኖ ዌይ" አለች። "ይነጥራል?"

ይነጥራል። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ ከባድ አይደለም። ስዊች ውስጥ ሁለት ብረቶች አሉ። ስንጫነው ይገናኛሉ፣ ስንለቀው ይለያያሉ። ለጣታችን አንድ ጊዜ "ቀጭ" ማለት ነው፤ ያለቀ ነገር። ብረት ግን ብረት ላይ ሲያርፍ ባንዴ አይረጋም። ይነካና ይነጥራል፣ ደግሞ ይነካል፣ ደግሞ ይነጥራል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። ስንለቀውም ያው ነው። ይህ ሁሉ ዓይናችንን ጨፍነን ከመግለጣችን በፊት ያልቃል። በዚያ ስዊች አምፖል ብናበራ ምንም አናስተውልም፤ እኛም አምፖሉም ዘገምተኞች ነን። ያቺ ጣት የምታህል ኮምፒዩተር ግን ዘገምተኛ አይደለችም። በአንድ ሰከንድ ውስጥ እልፍ ጊዜ "ተገናኙ? ተለያዩ?" እያለች ትጠይቃለች፤ የሰማችውን ሁሉ ደግሞ ታምናለች። አንዱ መጫን ለእሷ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። ትልቅ ስዊች ደግሞ ሞላው ጠንካራ፣ ብረቱ ከባድ ስለሆነ ከትንሹ የባሰ ይነጥራል። በከዘራ ሲወጉትማ አይጣል ነው።

"ታዲያ እንዴት አድርጌ ስቶፕ ላድርገው?" አለች።

"እንዳይነጥር ማድረግ አትችይም። ብረት ነው። ኮምፒዩተሯን ነው ጨዋነት የምታስተምሪያት። እንግዳ ቤትሽ መጥቶ 'ብላ' ስትይው ምን ይላል?"

"ኖ ታንክስ።"

"ከዚያስ?"

"አንቺ ደግመሽ ትጠይቂዋለሽ። ደግሞ ኖ ይላል። ከዛ ትንሽ ብቻ ይላል። ከዛ ሳህኑን ክሊን ያደርገዋል።"

"መጀመሪያ ያለውን ብታምኚስ?"

"ይርበዋል።" ትንሽ አሰበችና ፈገግ አለች። "ኦ። እንደ እትዬ ኦኬ።"

ቤታችን ውስጥ ያን ታሪክ የማያውቅ የለም። እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

"ኮምፒዩተሯ 'ተጫኑ' የሚለውን መጀመሪያ ስትሰማ ወዲያው አትመን" አልኳት። "ትንሽ ትጠብቅና ድጋሚ ትጠይቅ። ብረቱ ከረጋ በኋላም መልሱ ያው ከሆነ፣ ያኔ አንድ ብላ ትቁጠር። ሲለቀቅም እንደዚሁ።"

ጣቶቿ ላፕቶፑ ላይ ሮጡ። ብዙም ሳትቆይ "ደን!" ብላ ስዊቹን ጠቅ አደረገችው። አንድ አለ። ደጋግማ ሞከረች፤ ሁሌም አንድ። ተነስታ ጨፈረች።

"አሁን ሁለቴ ተጫኚ" አልኳት።

ጠቅ ጠቅ አደረገች። ላፕቶፑ አንድ አለ።

"ዋት?"

"ምን ያህል እንድትጠብቅ ነገርሻት?"

"አንድ ሰከንድ። ሹር ለመሆን።"

"ይኸውልሽ። እትዬ ወለል ላይ ወድቃ፣ ተጨንቃ፣ ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ብትጫን፣ አንቺ 'ደህና ነኝ' ብላለች ብለሽ ክፍልሽ ትቀመጫለሽ።"

ፊቷ ተለወጠ። ፈጽሞ ያልጠበቀ ያልተባለውን ይሰማል፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ደግሞ የተባለውንም አይሰማም። ልክ አለው። ሃምሳ ሚሊሰከንድ እንድታደርገው ነገርኳት፤ ሚሊሰከንድ ማለት ሰከንድን ለሺህ ቢካፈሉት አንዱ ነው። የሰው ጣት በዚያች ቅጽበት ውስጥ ሁለቴ መጫን አይችልም፤ ያ ስዊች ደግሞ ከዚያች በላይ ሲንቀጠቀጥ አላየሁም። እኔ በበኩሌ መነጽሬን አጥልቄ የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚቀንስ አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር በቀለጠ ብረት ሶልደር አደረግኩበት። ካፓሲተር ማለት ለኤሌክትሪክ እንደ ትንሽ ገንቦ ነው። ውኃው ወደ ውስጥ በግፊት ቢገባ እንኳ ገንቦው ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚጎድለው፤ ግፊቱ እዚያው ውስጥ ይቀራል። ኮዱ ብቻውን ይበቃ ነበር። ግን የሰው ቤት ነው የተያዘው፤ ደግሞ እጄ ገና አለመንቀጥቀጡን ማየት ፈልጌ ነበር።

ከመጨረሳችን በፊት ግን "የድሮውን ኮድ መልሺውና ለእትዬ ልጅ በቪዲዮ ደውዪ፤ ካፓሲተሩን እኔ ለጊዜው እነቅለዋለሁ" አልኳት።

"አክስቴ፣ እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፣ ስዊች ምናምን አይገባኝም" አለ ገና ፊቱ ብቅ ሲል።

"ሒሳብ ነው። ቁጠር።"

ልጅቱ ካሜራው ፊት ቀዩን ስዊች አንዴ ተጫነች። ላፕቶፑ ላይ ሦስት ወጣ። ደግማ አንዴ። አንድ ወጣ። ደግማ አንዴ። አራት።

"ስንቴ ተጫነች?" አልኩት።

"አንዴ። በየተራው አንዴ አንዴ።"

"ማሽኑ አራት አለ። ይቺም ልጅ መርሳት ጀምራለች?"

ጸጉሩን ሲያክ አየሁት፤ እንደ አጎቱ ነው የሚያክ።

"ሁለቴ ነው የተጫንሽው ብዬ ጮኼባታለሁ" አለ በመጨረሻ።

"አውቃለሁ።"

"ቀጠሮውን እሰርዘዋለሁ። እስከ ፋሲካ እንይ።"

"ይቅርታም ጠይቃት" አልኩት። ጠይቋት እንደሆነ አላውቅም። ሳይጠይቃት ቀርቶ ከሆነ እነሆ እዚህ ተጽፎለታል።

አዲሱን ኮድና ካፓሲተሩን መልሰን የዚያኑ ቀን ከሰዓት ወስደን ገጠምነው። የባሌ እህት ወንበር ላይ ሆና ከዘራዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ሥራችንን ትቆጣጠራለች።

"ምን ነበረው?" አለች።

"ስዊቹ ነው እትዬ። ብረቱ እየነጠረ አንዱን ሁለት ያደርገው ነበር። እርስዎ አንዴ ነው የተጫኑት።"

"እሱንማ እኔም ነግሬሽ ነበር።"

"ነግረውኛል።"

"ለልጄ አንቺ ነሽ የነገርሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"ምን አልሽው?"

"እናትህ አልረሳችም አልኩት።"

ወደ መስኮቱ ዞረች። ታች ስትሪትካሩ እየተንቋቋ ሲያልፍ ጠበቀችው። "ጾም ባይሆን ዶሮ እሠራልሽ ነበር" አለች።

ከእሷ አፍ ምስጋና የሚመስል ነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። የልጅ ልጄ "እትዬ፣ አንቺ ዶሮ ትሠሪያለሽ? አይ ላቭ ዶሮ" ብላ አበላሸችው።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ አንድ ፑሽ። ነቅቻለሁ፣ ደህና ነኝ። መጀመሪያ ስልኬ ጢን ሲል "እሺ፣ ተነሺ ካልሽ" ብዬ እተወው ነበር። እየቆየ ግን መልእክቱ ሳይመጣ ቁርስ አልቆርስም። እሑድ ቅዳሴ ላይ እንደማገኛት እያወቅኩ እንኳ ጠዋት መጫኗን ስልኬ ላይ አይቼ ነው የምወጣው። ይህ ጥንቃቄ ነው፤ ሌላ ስም አትስጡት።

ፋሲካ መጣ። ልጇ ከካልጋሪ ደውሎ "እስከ ሰመር ደግሞ እንይ" አለ። አንድ የውሸት ጥሪ ብትመጣ ግን ያ መኖሪያ ቤት እንደገና እንደሚነሳ ከድምፁ አውቄዋለሁ። እሷም አውቃዋለች።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ረቡዕ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። ሁለት ፑሽ።

አውቶቡሱ፣ ሳብዌዩ፣ ስትሪትካሩ። እሷ ጋ ብደውል አታነሳም፤ ጎረቤቷ ጋ ብደውል ሥራ ላይ ነች። ገና ይበርድ ስለነበር ካፖርቴን እንደደረብኩ አሳንሰሩን ትቼ ደረጃውን ላብ በላብ ሆኜ ወጣሁት። በሩ ገርበብ ብሏል።

ገፋ አድርጌ ገባሁ። የዶሮው ሽታ ተቀበለኝ። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕም ይበላል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን አለ። የባሌ እህት ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ተቀምጣለች።

"እትዬ! ምን ሆኑ?"

"ምን እሆናለሁ። ያ ማሽንሽ ነዋ" አለች፣ እኔን ሳይሆን ሳህኑን እያየች። "አንዴ ነው የተጫንኩት።"

ወደ ስዊቹ አየሁ። ካፓሲተሩን በገዛ እጄ ነው ሶልደር ያደረግኩት። ሃምሳ ሚሊሰከንዱን አጠገቧ ቆሜ ነው ያስጻፍኩት። ፋሲካ እስኪመጣና ከመጣም ወዲህ አንድ ቀን አልተሳሳተም። ስለ ብዙ ነገር እጠራጠራለሁ፤ ያ ስዊች ግን ሁለት ካለ ሁለት ነው።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። ልጇ ነው።

"አክስቴ! ምን ሆነች? ስብሰባ ላይ ሆኜ አሁን ነው ያየሁት። ደርሰሻል?"

የባሌ እህት እጅ ከዘራው ላይ ጠበቀ። አላየችኝም።

"ደርሻለሁ። ምንም የለም" አልኩት። "እኔ ነኝ። ልፈትሸው ብዬ ሁለቴ ተጫንኩት። ቀድሜ ልነግርህ ይገባ ነበር።"

"ኡፍ! እሺ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እሷስ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት።"

ዘጋሁት። ድስቱ ይንተከተካል። የባሌ እህት ተነሳች፤ በከዘራዋ እየተደገፈች ክዳኑን ከፈተች፣ ከእንቁላሉ ጋር አንድ እግር አውጥታ ከመቀመጫዋ ፊት ለፊት ባለው ሳህን ላይ አደረገችው። የእኔ ሳህን እሱ መሆኑ ነው።

"ብይ እንግዲህ፣ ከመጣሽ አይቀር።"

"አይ እትዬ፣ በልቼ ነው የመጣሁት" አልኩ።

ቁርሴን እንኳ በቅጡ አልቆረስኩም ነበር። በሩ አጠገብ ካፖርቴን እንደቆለፍኩ ቆምኩ። ጭልፋው በእጇ ነው። ያቺን ያኔ በስልክ ያለቻትን ቃል ጠበቅኳት፤ ስንት ዘመን በጆሮዬ ይዣት ኖሬያለሁ። ታች ስትሪትካሩ ደወሉን አሰምቶ አለፈ።

"በወንድሜ አጥንት" አለች፤ ድምጿ ዝቅ ብሎ። "በወንድሜ አጥንት ይዤሻለሁ፣ ቁጭ በይ።"

ሦስተኛ እስክትለኝ አልጠበቅኩም። ካፖርቴን አወለቅኩ።